የሰማይ ላምና የታሰረች ወንበር

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ አራት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። አራቱም ለአንድ ሰው የተሰጡ የስንብት ስጦታዎች ናቸው። ሰውየው በየዓመቱ መጨረሻ ይሰናበታል፣ ስጦታውን ይቀበላል፣ ክረምቱን አገሩ ከርሞ ትምህርት ሲከፈት ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመለሳል። ሰዓት ሻንጣ ያከብዳል ብሎ እዚያው ሰቅሎት ነው የሚሄደው። መምህራኑ ስሙን ትተው «ደህና ሰንብቱ» ይሉታል።

ደህና ሰንብቱ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ባዕድ አገር በአንድ ዓመት ውል ሲመጣ ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ከውጭ አገር አስተማሪ ደመወዝ በየወሩ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ ትምህርት ቤቱም የራሱን ይጨምርበታል። አስተማሪው ጠቅልሎ ሲሄድ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ከወሰደ ግን በዚያ አገር ዳግመኛ ጠመኔ አይጨብጥም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ደህና ሰንብቱ ክረምት በገባ ቁጥር፣ አንድ ዓመት ብጨምር መዋጮውም ይጨምራል እያለ ያሰላል። ስሌቱ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም።

አገር ቤት ያለችው ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መዋጮውን «ላሚቱ» ትለዋለች፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው። በደወለ ቁጥር ከጤናው በፊት የምትጠይቀው ላሚቱ ወፍራ እንደሆነ ነው።

ዘንድሮ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ለወጠ፤ ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልሎ ያልሄደ የውጭ አገር አስተማሪ መዋጮውን የሚያገኘው ካረጀ በኋላ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ተከራይታ የምትሰፋበትን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ተነሣ። አንቺ ካልገዛሽው ለሌላ እሰጣለሁ፣ እስከ ክረምቱ መውጫ እጠብቅሻለሁ አላት። እሷም ደውላ ነገሩን አሳጠረችው።

«ላሚቱን አውርዳት። አለዚያ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ መንገድ ላይ መውጣቴ ነው።»

መዋጮው እንዲለቀቅ ሰውየው ጠቅልሎ መሄዱን ርዕሰ መምህሯ በፊርማዋ ማረጋገጥ ነበረባት። ደህና ሰንብቱ ደስ እያለው ቢሮዋ ገባ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበችና መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«መምህር፣ የስንብት ንግግር ያድርጉልኝ ቢሉኝ አደርጋለሁ። ንግግር ነፋስ ይወስደዋል። ይሄ ግን ፊርማ ነው።»

«ዘንድሮ የምር ነው።»

«አምናም የምር ነበር። አልቅሼልዎት አልነበር?»

ማልቀሷ እውነት ነበር። የመመለሻ ቀን የሌለው የአውሮፕላን ትኬት አሳያት፤ አምናም እንዲህ ያለውን ትኬት አሳይቷት እንደነበር አስታወሰችው። አልጋውንና ምድጃውን ሸጦ መጣ፤ አልጋ ድጋሚ ይገዛል አለችው። በመጨረሻ ሚስቱን በስልክ አገናኛት። ሁለቱ ሴቶች ተግባብተው ብዙ አወሩ፣ ሳቁም። ርዕሰ መምህሯ ስልኩን ስትዘጋ ጥርጣሬዋ ብሶባት ነበር፤ ለካ ሚስትየዋ፣ እኔም በዓይኔ ካላየሁት አላምንም ብላት ኖሯል።

ለስንብት ስጦታ ገንዘብ የምትሰበስበው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ዘንድሮ ማንም እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። እሷም ሳትደብቅ ነገረችው።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝ፤ አንተን መሸኘት እንደ ቤት ኪራይ ሆነብን።»

ያም ሆኖ ከጭንቅ ያወጣችው እሷው ናት። በማረፊያ ክፍሉ ካሉት ወንበሮች መካከል አንዷ ብቻ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ ከመስኮቱ ሥር ያለችው የደህና ሰንብቱ ወንበር። ሚስቱ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋችላት ትራስ አለቻት። በየዓመቱ ስንብቱ አልቆ፣ እንባው ተጠርጎ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን ሰውየው ወደ ኋላ ይቀርና ወንበሯን በብስክሌት ሰንሰለት ከመስኮቱ ብረት ጋር ይቆልፋታል። ቁልፉን ይዞት ይሄዳል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ተናግሮት አያውቅም።

የኬሚስትሪዋ አስተማሪ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ብቅ ብላ፣ ትኬቱን ተዉትና የወንበሯን ቁልፍ ጠይቁት አለች።

እዚያው ተቀምጦ የነበረው ደህና ሰንብቱ ቆሌው ተገፈፈ። ወንበርና ጡረታ ምን አገናኛቸው ብሎ ተሟገተ። ቁልፉ ቤት ቀርቷል አለ። ኪሱ ውስጥ ሲቃጭል ግን ሦስቱም ሰሙት። ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄዶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ የሚቀጥለው ደወል እስኪደወል አልተነሣም። ከዚያ ተመልሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እጁን ግን ቶሎ አላነሣም።

ርዕሰ መምህሯ ጣቶቹ እስኪለቁት ጠበቀች። ከዚያ ፈረመች፣ ማኅተሙንም መታች።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ዳግመኛ በዚህ አገር አላስተምርም የሚል ቃል አስፈርሞ ገንዘቡን ወደ ባንክ ላከለት። የመሄዱ ነገር እውነት መሆኑ ሲታወቅ መምህራኑ ደነገጡ፤ በጥድፊያም አዋጡ። ሰዓት ግን አልገዙም። ወንበሯን ከንብረት ክፍል በዋጋ አስለቅቀው፣ ሰንሰለቷን ጠቅልለው፣ ቁልፉን ጀርባዋ ላይ አንጠልጥለው ሰጡት። ሻንጣ ያከብዳል ብሎ አራት ሰዓት የተወው ሰው፣ ለወንበር የጭነት ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ።

ሚስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችው። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ቀጥላም ወንበሯን።

«ላሚቱስ?»

«ባንክ ገብታለች።»

«ይቺስ?»

«ይቺ መቀመጫ ናት።»

ሚስቱ ትራሱን ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን አየችና፣ የእኔ ክር ካንተ ይልቅ ቃሉን ይጠብቃል አለችው።

ቤቱ ተገዛ። ወንበሯም ለደንበኞች መቀመጫ ሆና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ ሥራ ልትጀምር ስትቀመጥ እግሯን ብረት መታት። ጎንበስ ብላ አየች። ወንበሯ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ከስፌት መኪናው እግር ጋር በሰንሰለት ተቆልፋለች። ባልዋ ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

መቀሷን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ዳቦ ልገዛ።»

«ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ።»