የኦቦ ጉደታ ክንድና የእናቴ አሸንዳ

«ይኼ ክንድ አይደለም፤ ጦር ነው!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «በዚህ ከተለካ የእትዬ አስካለ ቤት የዶሮ ቆጥ ሆኖ ይቀራል!»

«እናቴ የሰጠችኝ ክንድ ነው፤ ልቁረጠው እንዴ?» አሉ ኦቦ ጉደታ፣ ግድግዳችን ላይ እንደተዘረጉ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ቤታችን ነው። እኔ በጣቢያው መጋዘን ጆንያ ቆጣሪ ነኝ። ነገሩ ተራ ነገር ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከቆርቆሮ ጣራችን የሚወርደው ውሃ የጓሮውን ግድግዳ እግር በልቶት ነበር። ጭቃው ተሸርሽሮ ማገሩ ወጥቷል። እናቴ አስካለ የምትተኛው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ያየው ሰው ሁሉ «ሌላ ክረምት አይሻገርም» ይላታል። ስለዚህ ጣራው ላይ አሸንዳ እንዲያደርጉላት ጋሽ ሰይድን አስጠራች።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ፣ ሥራውን ድሬዳዋ የተማሩ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። ለአንድ ክንድ አሸንዳ አንድ አላድ፣ ማለት ግማሽ ብር፣ ያስከፍላሉ። በራሳቸው ክንድ ለክተው «አርባ ክንድ፤ ሃያ ብር» አሏት።

እናቴ ያጠራቀመችው አሥራ ሰባት ብር ነው። ከዚያ ሌላ ያላት አንዲት ጊደር ናት፤ ያውም ያረገዘች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከሰው ላትበደር ምላለች። አንድ የከብት ነጋዴም ጊደሯን ሳትሸጥ አትቀርም የሚል ወሬ ሰምቶ ገመዱን ይዞ መጥቷል። ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

የሰፈራችን ሴቶች አቡጀዲ ሲገዙ ኦቦ ጉደታን ይዘው ነው ገበያ የሚወጡት። እንደሳቸው ያለ ረጅም ክንድ በአዳማ የለም። ጨርቅ ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ዛሬ ዘግተናል!» ይላሉ። እናቴም ለአሸንዳዋ እሳቸውን አመጣች።

ኦቦ ጉደታ ለክተው ሲጨርሱ ሠላሳ ሦስት ክንድ ሆነ። አሥራ ስድስት ብር ከአላድ! እናቴ እልል አለች።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሠላሳ ሦስት ክንድ እሠራለሁ። የምቆርጠው ግን በዚህ ነው» ብለው የገዛ ክንዳቸውን አወጡ።

«በፈለግኸው ቁረጠው!» አለች እናቴ። የሰማችው ዋጋው መውረዱን ብቻ ነው።

እኔ እንደ ልማዴ በጭቅጭቁ ግጥም ልገጥም ቃል እለቅም ነበር። የሁለቱን ክንድ ጎን ለጎን ሳይ ግን ግጥሙ ጠፋብኝ። ጨርቅ ሲሆን ረጅም ክንድ ለገዢው ይጨምርለታል። ቤቱ ግን ያው ነው፤ በማንም ክንድ አያጥርም። አሸንዳው በጋሽ ሰይድ ክንድ ከተቆረጠ ሰባት ክንድ ይጎድላል። የሚጎድለውም ጫፉ ላይ፣ ልክ ከእናቴ መኝታ በላይ ነው። የጣራው ውሃ ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያች ቦታ ላይ ሊወርድ ነው።

ቤት ገብቼ ነጋዴውን «ገመድህን አውሰኝ» አልኩት።

«ለጊደሯ ነው ያመጣሁት» አለና እየከበደው ሰጠኝ።

ገመዱን ከኦቦ ጉደታ ጋር በጣራው ጠርዝ ሥር ዘረጋነው። ልክ ሦስት ገመድ ሞላ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ቆርቆሮውን ሲገዙ በማን ክንድ ይገዛሉ?»

«ቆርቆሮ በክንድ አይሸጥም። በቅጠል፣ በሙሉ ዝርጉ ነው።»

«ለሦስት ገመድ ስንት ቅጠል ይበቃል?»

ቁጢጥ ብለው አፈሩ ላይ በእንጨት ጫሩ፤ አጠፉ፤ እንደገና ጫሩ። «አራት» አሉ። «የቆርቆሮው አሥር ብር፣ የእጄ አምስት። አሥራ አምስት።»

እናቴ ወገቧን ያዘች። «ታዲያ ሃያ ያልከኝ ምን ቆጥረህ ነው፣ አንተ ሰይድ?»

«ክርክሩን ነዋ! ወላሂ፣ በክንድ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ እኚህን ሰውዬ ይዞብኝ ይመጣል። ምን ላድርግ? አስቀድሜ እጨምራለሁ።»

«እንግዲያው ድርሻዬን ወዲህ በል!» አሉ ኦቦ ጉደታ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። ወደ ጊደሯ ሄደችና ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ፊቷን ያዞረችው እንዳላያት ይመስለኛል።

አሸንዳው ተሰቅሎ አንድ ክረምት አለፈ። ግድግዳው እንደቆመ ነው፤ ጊደሯም ወልዳለች። አሁን ዝናብ ሲመጣ ውሃው በአሸንዳው ወርዶ በርሜሉ ውስጥ ሲንቆረቆር እሰማለሁ። ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሳ ያህል ይቀለኛል። ያን ቀን ቃል ለቀማዬን ብቀጥል ኖሮ እያልኩ ግን አንዳንዴ እደነግጣለሁ።

የዚያን ዕለት ስምምነቱን ልንጨርስ ሁላችንም ቤት ገባን። ነጋዴው ከመደቡ ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«ገመዴን።»

ሰጠሁት። ትከሻው ላይ ጠቀለለው።

«ጊደር ልገዛ መጥቼ ቤት አስለካችሁኝ» አለና ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ድርግም አድርጎ ዘጋው።