ደም ወይም እሳት

ልብስ ሰፊዋ ለመኝታ ቤቷ በር እንዲገጥምላት ባሏን ያልነዘነዘችበት ቀን የለም። ባሏ አናጺ ነው፤ የሰፈሩን በር ሁሉ ሲገጥም ውሎ ማታ የሚተኛው መጋረጃ ከልሎ ነበር። ልጆቹ መጋረጃውን ገልጠው ዘው ባሉ ቁጥር ባልና ሚስት እንደ ሌባ ይደነግጣሉ። በመጨረሻ ሰውየውን እፍረት ያዘውና ጠንካራ በር ከነመቀርቀሪያው ገጠመ።

ሕጉን ያወጣችው ግን እሷ ናት። ትልቋን ልጇን አጠገቧ አስቀመጠችና፣ "ስሚ የኔ እናት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔና አባትሽ በር ዘግተን እናርፋለን። ደም ወይም እሳት ካላየሽ ማንኳኳት የለም፤ መጮህም የለም። ወንድምሽን ጠብቂ" አለቻት።

"እሺ እማዬ።"

ይቺ ልጅ እሺ ካለች እሺ ናት። አባቷ "ዳኛ ነው የምትሆነው" እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቅዳሜ መቀርቀሪያው ገባ፤ ባል ቀልድ ጀመረ፤ ሚስት ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀረ። ሳሎኑ ጭጭ ብሏል። ሁለት ዓመት የሞላው ትንሹ ልጇ ደግሞ እንቅልፍ ካልጣለው በቀር ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም።

"ሰማህ?"

"ምኑን?"

"ምንም አይሰማም እኮ!"

"ታዲያ በሩን የገጠምኩት ለምን ሆነና?"

ያገኘችውን ልብስ ላይዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች። ስትቸኩል መቀርቀሪያው እምቢ አላት። ባሏ የሠራው ነገር ሁሉ ጠንካራ መሆኑን ያን ጊዜ ጠላችው።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ተጠግቷል፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ትንሹ ልጅ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ታች መንገድ ላይ ያለች ድመት በተመስጦ ያያል። እህቱ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ የሱሪውን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ድምፅ የላትም። ያን ማንገቻ እናቲቱ ራሷ ደርባ ሰፍታው ነበር፤ አሁን ባንድ በኩል እየተተረተረ ነው።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ልጁን ጎትታ ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው ሳቀባት። እሷ ግን ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ለምን አልጮኽሽም? ለምን አልጠራሽንም?"

"ደም የለም" አለች ልጅቱ እየተንሰቀሰቀች። "እሳትም የለም።"

አባት ሳይውል ሳያድር መስኮቱን በፍርግርግ ዘጋና መፍቻውን እንደያዘ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። "ተወው" አለችው ሚስቱ፤ በሩ ምን አጠፋ? ልጅቷን ጠርታ "ከአሁን በኋላ ከፈራሽም አንኳኪ" አለቻት። ሳምንቱን ሙሉ ግን ስፌት ላይ ተቀምጣ ክር በበጠሰች ቁጥር ሰውነቷ ይቀዘቅዝ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ በሩ ከተዘጋ ጥቂት ቆይቶ ተንኳኳ። እናት በርግጋ ከፈተች። ፍርግርጉ ቦታው ነው፤ ትንሹ ልጅ ኳስ ያንከባልላል።

"ምን ሆንሽ የኔ እናት?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

ልጅቱ በእናቷ ጎን አሻግራ ወደ ውስጥ አየች።

"ዝም አላችሁብኝ" አለች።