ጨው የምናስቀምጥበት ቂብላ

ቤታችን ቆርቆሮ ወደ ቆቦ ከተማ ሳይገባ የተሠራ ህድሞ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያው በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። የሠራው ከአፋር በግመል ጨው የሚያመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው። የአባቴ ቅድመ አያት በሁለት በሬ ለውጦ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የተወለድነው እዚያው ነው።

በሰሜኑ ግድግዳ መካከል አናቷ የከበበ፣ ወደ ውስጥ የገባች ቦታ ነበረች። ጨውና ክብሪት የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ስሟ ቂብላ። እናቴ «ክብሪቱን ቂብላ ላይ መልሰው» ትለኝ ነበር፤ እኔም ልጆቼን እንደዚያው።

ማንበብ ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ተማርኩ። ልጆቼ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል ሲናገሩ እቆጣ ነበር። ዛሬም ቢሆን መቆጣት ይገባል እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የጓዳውን ግድግዳ ሰነጠቀው። የልጅ ልጆቼ የሚተኙት ከስንጥቁ ሥር ነው። ልጄ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ልሥራ አለ። እኔ እሺም እምቢም ሳልል ከረምኩ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሼኹ ስንጥቁን ሊያዩ ገቡ። ሚስቴ ምራቷን፣ «ጨዉን ከቂብላ አምጪ» አለቻት።

«ከየት?» አሉ ሼኹ።

«ከቂብላ ነዋ!» በእጇ አሳየቻቸው።

«ወላሂ! ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን የምንሰግደው ወደ ጨውሽ ኖሯል!» ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሁሉን አንብቤያለሁ ባይ፣ ይሄ እኮ ቤቱን የሠራው ሰውዬ ፊቱን ወደ መካ አዙሮ የሚሰግድበት ነው።»

ማፈር ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም።

«ታዲያ ቤቱን ላፍርሰው ይላሉ?» አልኳቸው።

«ቂብላ አቅጣጫ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። ይልቅ ልጆቹን ከዚያ አውጣ።»

በማግስቱ ልጄን አፍርስ አልኩት። ግድግዳው ሲወድቅ ቆሜ አየሁ፤ አቧራው ሲበርድ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ከቤት ልጅ ይቀድማል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅሁ።

አሁን ልጆቹ የሚተኙት በብሎኬቱ ቤት ነው። ትናንት ሚስቴ ከማድ ቤት ሆና፣ «ጨዉን ቂብላ ላይ አድርገው» አለችኝ። ጣሳውን ይዤ ወደ ሰሜን ዞርኩ። ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ ነው። ጣሳውን ከሥሩ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።