ከል አውልቄ የገባሁበት ትምህርት ቤት

ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ ተማሪው ሁሉ ዩኒፎርም እንዲለብስ ይገደድ ወይስ አይገደድ የሚል ነው። አንድ አባት ተነስተው፣ የድሃ ልጅ በልብሱ እንዳይሸማቀቅ ያስፈልጋል አሉ። አንዲት እናት ደግሞ፣ "እኔ ልጄን ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ" አሉ። ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እርስዎ አንጋፋችን ነዎት፤ ምን ይላሉ?" አለኝ። "ሁለቱም እውነታቸውን ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀ። ነገሩን ያመለጥኩት መስሏቸው ነው። እኔ ግን የምለው ረጅም ነበር፣ ለስብሰባም የሚሆን አልነበረም።

ተወልጄ ያደግኩት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። ግቢያችን ሁለት ጎጆ ነበረው። በአንደኛው አባቴ፣ እናቴና እኔ፣ በሌላኛው የአባቴ አክስት እንኖር ነበር። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እኚሁ አክስቱ ናቸው፤ ጡት አላጠቡትም እንጂ ልጃቸው ነበር። እኔንም ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን ስስም "እደጊ" ይሉኝና ራሴን ዳበስ ያደርጉኛል።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ዓመት ሳይሞላው፣ በዚያ በየካቲቱ ፍጅት፣ አባቴ የተሰፋ ኮርቻ ተሸክሞ ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል እንደወጣ ቀረ። ተኩሱና ቃጠሎው ጋብ ሲል አብሮት የነበረ ጎረቤት መጥቶ ለአክስቱ ነገራቸው። እሪ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውየው በመዳፉ ከደነው። "እባክዎ፣ የቀረነውን ያስጨርሱናል" አላቸው። ሬሳ የለ፣ ፍታት የለ፣ ለቀስተኛ የለ። ሰው ለለቅሶ መሰብሰብ ራሱ የሚያስጠረጥር ጊዜ ነበር፤ ማንም ደፍሮ በራችንን አልረገጠም።

እናቴ ያለንን ልብስ ሁሉ ጥቁር ነከረችው። አክስት ምላጭ ይዘው መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን ላጩን። ያኔ የእኔን ዕድሜ የምታክል ልጅ መሀል አናቷን ተላጭታ ዳር ዳሩን ጋሜ ታስቀራለች። ጋሜዋ ጨርሶ የተላጨ ልጅ ስትታይ ሐዘን እንዳለባት ሁሉም ያውቃል። ጋሜዬ ጭኔ ላይ ሲረግፍ አክስት፣ "ዓመት ሳይሞላ ከዚህ ከል አትወጡም" አሉ። እናቴ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠጉራችንም ባቆጠቆጠ ቁጥር እንደገና ይላጭ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የምንበላው አነሰ። እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ማን ነጠላ ያሠራል? እዚያው እኛው አካባቢ የጣሊያን መነኮሳት ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ቀን ቀን ሾርባና ዳቦ ይሰጣሉ ተባለ። እናቴ ብዙ ቀን ካሰበችበት በኋላ አክስት ጎጆ ገባች። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

"እማማ፣ ልጅቷን ልላካት ብዬ ነበር።"

"የት?"

"መነኮሳቱ ዘንድ። ምሳዋን ይሰጧታል።"

"ገዳዮቹ ዘንድ በይ እንጂ።"

"ማንበብም ትማራለች። እሱም ቢሆን ትማር ይል ነበር።"

"እሱን አትጥሪብኝ" አሉ። እናቴ ግን ልትልከኝ ቆርጣ ወጣች።

የመጀመሪያ ቀን ከሌን እንደለበስኩ ሄድኩ። እናቴ መንገድ ላይ፣ "አባትሽ በምን ሞተ ካሉሽ በበሽታ በያቸው" እያለች ደጋግማ አስጠናችኝ። በር ላይ አንዲት ረጅም መነኩሲት ከላይ እስከ ታች አየችኝና አጠገቧ ለቆመች ከፍ ያለች ልጅ የሆነ ነገር አለቻት። ልጅቷ አስተርጓሚ ናት።

"እዚህ ጥቁር ለብሶ መግባት አይቻልም ትልሻለች። ማን ሞቶብሽ ነው ትልሻለች።"

"አባቴ። በበሽታ ነው።"

አስተርጓሚዋ አየችኝና ወደ ጣሊያንኛ መለሰችው። ምን ብላ እንደመለሰችው አላውቅም። ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው፣ ከነጭ የራስ ሻሽ ጋር ሰጡኝ። ያለዚያ ልብስ የሚገባ የለም፤ ሻሹም ከራስ አይወርድም። ስምም አዲስ አወጡልን፤ እዚያ ግቢ ውስጥ እናታችን ባወጣችልን ስም የሚጠራን አልነበረም።

ቤት ስደርስ አክስት ቀሚሱን አዩት። "ያ ነገር ሐዘን ካለበት ቤት ደፍ አያልፍም" አሉ። ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር ነው የተነጋገሩት። እናቴም ከጎጆዎቹ ጀርባ በምናበስልበት ጭስ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ችንካር መታችለት። ጠዋት ጭስ ቤት ገብቼ ከሌን አወልቅና ነጩን እለብሳለሁ፤ ከሰዓት ስመለስ ነጩን ሰቅዬ ከሌን ለብሼ እወጣለሁ። አክስት ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሩኝም። ጉልበታቸውን ልስም ስጠጋ እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። እናቴ ምሳ ስትልከኝ ሳህኑን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔ ያኔ የገባኝ ለአባቴ ማዘን የተከለከልኩ መሆኔ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ከል የለበስኩት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበርና።

የሰፈሩ ልጆችም ራቁኝ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል እየመጡ ሜዳችን ላይ ቅልብልቦሽ የሚጫወቱ ጓደኞች ነበሩኝ። በነጭ ልብስ ሳልፍ ጠጠራቸውን ሰብስበው ዝም ይላሉ። አይሰድቡኝም፤ ካለፍኩ በኋላ ጨዋታው ሲቀጥል ይሰማኛል።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ተሰልፈን እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን፣ ትርጉሙን የማናውቀውን መዝሙር እንዘምራለን። ከኋላ የሚያየን ሰው አንዷን ከሌላዋ አይለይም። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ቤቴ ምን እንደሚበላ አይታወቅም። የጭሱ ሽታ ግን ቀሚሴ ላይ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ወደ ጥግ ሸሸት ትላለች። ቀን በቀን ሸሸት ትላለች። እኔም ነገሩን አውቄ በሌላው ጥግ እቀመጥ ነበር። በመሀላችን ሌላ ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ሰው እንኳ "እግዜር ያጥናሽ" አላለኝም። ሰፈር ውስጥ ያሉት ፈርተው፣ ትምህርት ቤት ያሉት ሳያውቁ። ይህን ቃል ከማንም ቢሆን ለመስማት እንዴት እንደጓጓሁ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። እሷስ ማን ብሏት።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ረጅሟ መነኩሲት ላምባ በጠርሙስና የጥጥ ጥቅል ይዛ መጣች። ቅማል ልትፈልግብን ነው። ፀሐይ ላይ፣ ግንቡን አስደግፋ አሰለፈችንና አስተርጓሚዋ፣ "ሻሻችሁን አውልቁ" አለች። ሻሼን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል የተላጨው የእኔ ራስ ብቻ ሆኖ ሊታይ ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ አባትሽ በምን ሞተ ብለው እንደገና ይጠይቁኛል፤ በበሽታ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ፊት ያለችው ልጅ ሻሿን አወለቀች። ጋሜዋ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ቀጥላ ያለችው አወለቀች፤ ራሷ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያቆጠቆጠ፣ እንደ እኔው። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ቀና ብዬ ረድፉን አየሁት። ጋሜ ያላቸው ነበሩ፤ ግን የተላጩት ይበዛሉ። አግዳሚ ወንበሬ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ሻሿን ደረቷ ላይ አጥፋ ይዛለች፤ ራሷ ላይ ጋሜ የለም። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።

መነኩሲቷ ጥጡን ላምባ ውስጥ እንደነከረችው ቆመች። ረድፉን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየችው። ያየችው ነገር ምን ያህል እንደገባት አላውቅም፤ አገሩን ከለመደች ሳይገባት አይቀርም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች።

"ሻሻችሁን መልሳችሁ እሰሩ ትላለች" አለች አስተርጓሚዋ።

ቅማሉ ሳይታይ ቀረ። ዳግመኛም ሻሽ አውልቁ አልተባልንም። አዝና ይሁን ወይም ማየት ጠልታ፣ እስካሁን አልለየልኝም።

በማግስቱ የአግዳሚ ወንበር ጎረቤቴ አልሸሸችም። ደብተር ላይ እንዳጎነበሰች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ "የማን ነው?" አለችኝ።

"የአባቴ። ያንቺስ?"

"የሁለቱም።"

ቀጥላ፣ "በምን ነው ያልሻቸው?" አለች።

"በበሽታ።"

"እኔም በበሽታ ነው ያልኳቸው።" ከዚያ ደግሞ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ።

"አንቺንም" እንደ ማለት፣ ክንዷን በክንዴ ነካሁት። የተነጋገርነው ይኸው ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ አላወራንም። ግን አጠገብ ላጠገብ እንቀመጥ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት አክስት በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እንደማይመልሱልኝ ባውቅም ከበላያቸው ቆሜ፣ "እዚያም የተላጩ አሉ" አልኳቸው። መልቀማቸውን አላቋረጡም። ልሄድ ስል፣ "ብዙ ናቸው?" አሉኝ።

"ብዙ ናቸው።"

"የማን የማን ልጆች?"

"አንጠያየቅም።"

ሰፌዱን አስቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ቅዳሜ ቀን ቀሚሱን ከጭስ ቤት አውርደው በእንዶድ አጥበው፣ ሲደርቅ እሳቸው ጎጆ ውስጥ፣ ከመስቀያው ላይ ሰቀሉት። ስለ ነገሩ አላወሩኝም። ጠዋት ጉልበታቸውን ስስም ግን እግራቸውን አልሰበሰቡም፤ "እደጊ" የሚለው ቃል ግን ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። ዓመቱ ሲሞላ እኛ ከሉን አወለቅን፤ እሳቸው ሳያወልቁ፣ ጣሊያን ሳይወጣ አረፉ። ልደታ ነው የተቀበሩት።

ያቺ ልጅ ከእሳቸው ቀድማ ሄዳ ነበር። አንድ ጠዋት ቦታዋ ባዶ ሆነ። አስተርጓሚዋን ስጠይቃት፣ "ዘመድ መጥቶ ወደ አገር ቤት ወሰዳት ይባላል" አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ልጅ መጣች፤ ያንኑ ቀሚስ፣ ያንኑ ጥብጣብ፣ ያንኑ ሻሽ አልብሰው አጠገቤ አስቀመጧት። ጠዋት ስንሰለፍ ረድፉ ምንም አልጎደለበትም። አንዲት ልጅ መቅረቷን ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጣሊያን ወጥቶ መነኮሳቱ ሲሄዱ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ቆይቶ ሌላ ተከፈተ፤ ሁሉም የየራሱን ልብስ ለብሶ የሚማርበት፤ እኔም እዚያ ገባሁ። ማን ደሃ እንደሆነ፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ ከበር ላይ ይታወቃል። ከል የለበሰች ልጅ ስትገባ አስተማሪው ሳይቀር ብድግ ብሎ "እግዜር ያጥናሽ" ይላታል። እኔም እላለሁ።

ልጅቷን ግን ብዙ ጊዜ ፈልጌያታለሁ። በዚያ ትምህርት ቤት፣ በኋላም አብነት ገበያ ስሄድ፣ በየክርስትናውና በየለቅሶው የእኔ እኩያ የሆነች ዓይነ ትልቅ ሴት ሳይ ጠጋ ብዬ ፊቷን አያለሁ። እናቷ ያወጣችላትን ስም አላውቀውም። የማውቃት በዚያ ነጭ ልብስ ነው፤ ጋሜዋ አድጎ፣ በራሷ ቀሚስ ምን እንደምትመስል አላየሁም። አጠገቤ ቆማ ይሆናል፤ አልፌያት ሄጄም ይሆናል።