ከፊት የሚከፈት ቀሚስ

ሰፊዋ ለእትዬ ልብስ ስትቆርጥ ሜትር አንስታ አታውቅም። ምን ያደርግላታል? ሁለቱ እህትማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ልክ ናቸው። ማን የማንን እንደለበሰ እናታቸው እንኳ ግራ ይገባቸው ነበር። እናም ሰፊዋ በራሷ ገላ ትለካለች፣ በራሷ ገላ ትሞክራለች፣ ከዚያ «በይ ውሰጂ» ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

አሁን ግን እትዬ ልቧን ልትታከም ከልጇ ጋር ውጭ አገር ልትሄድ ነው። ስትስቅ ስትጫወት ላያት የምትሄደው ለሽርሽር ይመስላል። ቁም ሳጥኗን ግን ማራገፍ ይዛለች! ካፖርቷን ለጎረቤት፣ ሹራቧን ለአክስቷ ልጅ፣ ደህና ደህና ጫማዎቿን ለእህቷ። ለምን ሲሏት ምን ይሠሩልኛል ትላለች። ስለ መሄዷ እንጂ ስለ መመለሷ ከእትዬ አፍ አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም።

ሰፊዋ ደግሞ ሲጨንቃት የምታነሳው መቀሷን ነው። ከልብ ቀዶ ጥገናው በኋላ እትዬ እጇን ወደ ላይ እንዳታነሳ ሐኪሙ ስለተናገረ፣ በራስ የሚጠለቅ ልብስ አይታሰብም። ከአንገት እስከ እግር ከፊት የሚከፈት ቀሚስ ቆረጠችላት፤ እጅጌው ለመርፌ ሽቅብ የሚጠቀለል፣ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ ጨርቁ ረጅም መንገድ ተቀምጠውበት የማይጨማደድ። እትዬ ስታየው አፍንጫዋን ነፋች። እሷ ያሰበችው ያንን ወገብ የሚያሳየውን፣ ዚፑ ከጀርባ የሆነውን ጥብቅ ቀሚሷን ነበር። ሰው አገር ተዝረክርኮ መሄድ አይሆንላትም። ሰፊዋም የምትሄደው ለቀዶ ጥገና እንጂ ለሙሽርነት እንዳልሆነ አስታወሰቻት፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ቀሚሱ አልቆ እትዬ መስተዋት ፊት ቆመችና ቆለፈችው። ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ወገቡማ ሌላ ሰው ያስገባል።

ሰፊዋ ክው አለች። በራሷ ልክ ነበር የቆረጠችው፣ እንደ ወትሮዋ። ለካ ሕመሙ እህቷን እንዲህ ጨርሷታል! በየቀኑ እያየቻት አላየቻትም። ቶሎ ብላ ተንበረከከችና ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ወገቡን ማጥበብ ጀመረች።

እትዬ መስተዋቱን አየች፣ እህቷን አየች፣ እንደገና መስተዋቱን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ አታጥብቢው» አለች። «ለመንገዱ ቀበቶ ይበቃኛል። ስመለስ ልክ ይሆነኛል።»

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። እህቷን ከወገቧ አቅፋ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ጨርቅ በደስታ እንባ ይበላሽ አይበላሽ ሳይገዳት፣ ፊቷን ቀሚሱ ውስጥ ቀበረች።

«እስቲ ድገሚው» አለች ከዚያው ሆና።

እትዬ የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ስመለስ» አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷም እንደ አዲስ እየሰማችው።