የኦልሆቮው ቤትና ባለቤቶቹ

ወንድሜ ቬኒያሚን፣ በቤት ስሙ ቬንያ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሌኒንግራድ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደውን ትሮሊ አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አይሰርቅም፣ አይሰክርም፣ ሰው አይሰድብም። በዚህም ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይቆጥራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ሁለታችንንም እግዜር ይቅር ይበለን።

ቬንያ አንድ በሽታ አለበት፦ የኦልሆቮው ቤት። ልጆች ሳለን አባታችን በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ኦልሆቮ መንደር ውስጥ ከአንዲት የገጠር ሴት የሚከራየው የእንጨት ቤት ነበር። በእኛ አገር በጋው ያኔ ነው፤ ሰባት በጋ አሳልፈንበታል። ቬንያ ሲያገባ ስለዚያ ቤት አወራ፤ ሚስቱን ሲቀብርም አወራ። ሐይቁ፣ በረንዳው፣ የጥዱ ሽታ! በየግብዣው የሚደግማት ቀልድም አለችው፤ እንጆሪያችን ውስጥ ተደፍታ ስትበላ የያዛት ሌባ ልጅ። «አፏ ቀልቶ፣ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ‹አልበላሁም› ትለኛለች!» ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ቤቱን ለመግዛት ቆረጠ። «ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እዚያ በረንዳ ላይ ልሙት» አለኝ። እንደምንመጣ በደብዳቤ አስታውቆ ባለፈው ሐምሌ በጠዋቱ ባቡር ሄድን።

በሩን የከፈተችልን የአከራያችን ልጅ ታይሲያ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ከቬንያ ብታንስ በአንድ ዓመት ነው።

«ቬኒያሚን ማርኮቪች! ክላራ ማርኮቭና! ግቡ እንጂ! ውይ፣ እናንተም ታረጃላችሁ?» አለችን፣ ሁለታችንንም ከነአባታችን ስም አክብራ፤ ክላራ እኔ ነኝ።

«አንቺም አልቀረልሽ» አላት። እሷ «እርስዎ» ስትለው እሱ «አንቺ» ይላታል። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ ያረመው የለም።

ድንችና የኮመጠጠ ኪያር አቀረበችልን። ቬንያ ሞቅ ሲለው ያቺን ቀልዱን ጀመረ። ታይሲያ እስኪጨርስ ሻይ ትቀዳለች።

«ሌባዋ እኔ ነበርኩ» አለችው።

«ኧረ ተይ! ያቺ እኮ ከሲታ ነበረች።»

«ታዲያ ምን በልቼ ልወፍር ኖሯል? እርስዎ ለእናቴ ነግረውብኝ ባቴን በሳማ ገረፈችኝ። እንጆሪውን የተከልኩትስ እኔ ነበርኩ። ግን ጓሮው ከቤቱ ጋር ተከራይቷል፤ እናንተ እስክትሄዱ ከአጥሩ ማለፍ አይፈቀድልንም ነበር።»

«የት ነበር የምትኖሩት?» አልኳት። ይህን ለመጠየቅ ስድሳ ዓመት ፈጀብኝ።

«እዚያ ነዋ!» በመስኮቱ ጠቆመችን። ከድንቹ ማሳ ጀርባ የጠቆረች የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለች። «አምስታችን። አያቴ መደቡ ላይ፣ እኛ ከሥር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ልትታጠቡ ስትመጡ ዕቃችንን አውጥተን ሣር ላይ እንቀመጣለን። ከዘነበ ደግሞ በረት ውስጥ ከላሟ ጋር።» ሳቀች። «ላሟ ደግ ነበረች፤ ኪራይ አትጠይቅም።»

ሣር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ታጥቤ፣ ፊቴ ቀልቶ ስወጣ አያቸው ነበር። አየር ሊቀበሉ የወጡ ይመስሉኝ ነበር! ልጅ ነበርኩ ልበል? ከዚያስ በኋላ ባሉት ዓመታት ልጅ ነበርኩ?

ታይሲያ ብድግ አለች። «መቼም ሳታድሩ አትሄዱም» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ገባች፤ ፍራሿን እየጎተተች ተመለሰች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነዋ። ቤቱን ልልቀቅላችሁ።»

«ሦስት ክፍል እያለ?»

«ልማድ ነው፤ የከተማ እንግዳ እያለ እዚህ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ቬንያ ተነሣ። ፍራሹን ሊመልሰው መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን ሌላውን ጫፍ ያዘ! «ቀስ፣ ደፉ እንዳይጥልሽ» እያለ አብሯት ተሸክሞ ወጣ። ግቢው መሐል ሲደርስ ቆመ። ምን እያደረገ እንደሆነ ያኔ ገባው። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ምነው፣ ከበደዎት?» አለችው ታይሲያ።

«እንመልሰው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ባቡሩ ያመልጠናል።» ባቡሩ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር።

በሩ ድረስ ሸኘችን። «በደብዳቤዎ ትልቅ ጉዳይ አለኝ ብለውኝ ነበር እኮ፣ ቬኒያሚን ማርኮቪች።»

«እንዲያው ሰላም ልልሽ ነው።»

ውሸታም! ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም። እኔስ? እኔም ጉንጯን ስሜ ወጣሁ፤ አፍ እያለኝ።

ጣቢያው አግዳሚ ላይ ባቡሩን እየጠበቅን ተቀመጥን። ባቡሩ ሲመጣ ቬንያ «ቤቱን ሽጪልኝ ብላት እኮ እሺ ትለኝ ነበር» አለ። ቆጭቶት ይሁን አፍሮ መለየት አቃተኝ፤ ልጠይቀውም ፈራሁ።