የሌላ ሰው ፋውል

የያዙኝ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ስመለስ ነው። ጉልበቴን ውሃው ውስጥ ሳምንት ያህል ነክሬ፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ እግሬን በመተላለፊያው ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ያለው ፍተሻ ጋ ስንደርስ ሁሉም ወረደ፣ ሁሉም ተፈተሸ፣ ሁሉም ተመልሶ ገባ። እኔ ቀረሁ። በዚህ ቁመት ሰው ፊት ተሰውሮ ማለፍ አይቻልም። ቦርሳዬን ሲከፍቱት ደግሞ ማልያዎቹ ወጡ። የሐዋሳ፣ የድሬዳዋ፣ የአዲስ አበባ፣ የጎንደር። ፈታሹ አንድ በአንድ እያወጣ አስፋልቱ ላይ ዘረጋቸው።

"ከከተማ ከተማ ምን ያዞርሃል?"

"ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነኝ። አንዱ ክለብ ሲለቀኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።"

"ጎበዝ ብትሆን አንዱ አይይዝህም ነበር?"

ይህን ጥያቄ እህቴም ትጠይቀኝ ነበር፤ እሷ ግን እራት እያቀረበች ነው። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ።

ያስገቡኝ ቦታ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የገብስ ብናኝ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሰው፤ ቀጥሎ የባልዲው። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ በሽቦ የተጋረደች አንዲት መስኮት አለች፤ ጆንያ ላይ የወጣ ሰው በእሷ ግቢውን ማየት ይችላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የሰው ሁሉ መተኛ በስንዝር ተለክቶ ተከፋፍሏል። ስገባ ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይናቸው ከእግሬ እስከ ራሴ ለመድረስ ጊዜ ወሰደበት።

"ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ሊበላ ነው!" አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

ቦታ የሚያድለውንና ሥርዓት የሚያስከብረውን እስረኛ ካቦ ይሉታል። የእኛ ካቦ ከጉና በኩል የመጣ በግ ነጋዴ ነበር፤ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰውን እንደሚገዛው በግ ዳብሶ የሚያይ። የት የት እንደተጫወትሁ ጠየቀኝ። እኔም ሞኙ ከመጀመሪያው ጀምሬ ዘረዘርሁለት፤ መሃል ላይ አንድ የፖሊስ ክለብም ነበረበት።

"የፖሊስ ልብስ ለብሰሃላ?"

"ማልያ ነው። ቁምጣና ማልያ።"

"ለብሰሃል አልለበስህም?"

"ለብሻለሁ።"

"በል ባልዲው አጠገብ ሂድ።"

ከዚያ ወዲያ ስሜ ጆሮ ጠቢው ሆነ። ወደ ሰው ስጠጋ ወሬ ይቆማል። የታመመው ጉልበቴ ብዙ ጊዜ ታጥፎ መቆየት አይችልም፤ በእንቅልፍ ልቤ እግሬን ስዘረጋ የካቦው ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። "ሰብስብ!" ይለኛል። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከሁሉ አብዝቼ የሰማሁት ቃል ይህ ነው።

እርግጥ መገለል ለእኔ አዲስ አልነበረም። በየክለቡ መልበሻ ክፍል አዲስ ገቢ ሆኜ፣ ልብሴን በሩ ሥር ሰቅዬ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት። ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አሰልጣኞች የሚያስገቡኝ ነጥብ እንዳስቆጥር ሳይሆን የሌላውን ቡድን አስቆጣሪ እንዳስቸግር ነው። አምስት ፋውል ሲሞላብኝ እወጣለሁ፤ ሥራዬን ጨረስሁ ማለት ነው። ሌላም ሥራ ነበረኝ፣ ተመልካች የማያየው። የቡድኑ ኮከብ ፋውል ሠርቶ፣ ዳኛው ማን እንደሠራው ሳይለይ ፊሽካ ሲነፋ፣ እኔ እጄን አነሣለሁ። ፋውሉ በእኔ ላይ ይያዛል፣ ኮከቡ ሜዳ ላይ ይቆያል። አሰልጣኝ ይህን በአፉ አያዝህም። ፊሽካው እንደተነፋ እጅህ መነሣት አለበት፤ ካመነታህ ዳኛው ይነቃል። አንዴ ካነሣህ ደግሞ አታወርድም። ብዙ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ለመጸዳጃ ወደ ግቢው አውጥተውን ነበር። ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የጋፋት ገበሬ፣ ልጃቸው ሲጠፋ በእሱ ፋንታ የተያዙ። እግራቸው አብጦ ስለነበር ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀሩ። ጠባቂው ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጨምድዶ ጎተታቸው። ወደቁ።

"ተነስ!" አላቸው፣ በጫማው እየነካካ። አባቱን በሚያህሉ ሰው ላይ፣ ተነስ።

"አታፍርም እንዴ! አባትህ የሚሆኑ ሰው!" የሚል ድምፅ ከሰልፉ መሃል ወጣ።

የካቦው ድምፅ ነበር። ከኋላዬ ነው የቆመው፤ ትንፋሹ ጀርባዬ ላይ ተሰምቶኛል። ጠባቂው ወደ እኛ ዞረ፤ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ በኃይል ነፋ።

"ማነው የተናገረው?"

ካቦውን እኔ ከመምጣቴ በፊት ለምርመራ ወስደውት በቃሬዛ እንደመለሱት ሁላችንም እናውቃለን። ሲያስል ዛሬም ጎኑን ይዞ ነው። ሁለተኛ ከወሰዱት እንደማይተርፍ እሱ ራሱ ተናግሯል።

ቀና ብዬ ሳይ እጄ ተነሥቷል።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። አላሰብሁበትም፤ ፊሽካ ሰማሁ፣ እጄ ወጣ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ጠባቂው ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ነው። ስወሰድ ካቦው አጠገቡ ላለው ሰው ሲናገር ሰማሁት።

"አየኸው? ራሱን አስጠራ። አሁን ገብቶ የሰማውን ሁሉ ይዘረግፈዋል።"

የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

"ጉልበትህን ያምሃል አሉኝ። ዘርጋው እንጂ፣ ዘርጋው።"

ዘረጋሁት። ከታሰርሁ ወዲህ ማንም ሳይቆጣኝ እግሬን ስዘረጋ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንዝር በስንዝር ሲላቀቅልኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በዚህ አሁንም ድረስ እናደዳለሁ።

"አንተ እኮ የእኛ ልጅ ነህ። የእኛን ማልያ ለብሰሃል።" ፈገግ አለ። "ጠባቂው ድምፁ ከኋላ ነው የመጣው ይላል። አንተ ፊት ነበርህ። ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ስሙን ብቻ በለኝ። ነገ ወንዛዬህ ገብተህ ትነከራለህ፤ መኪና እኔ ራሴ አዝልሃለሁ።"

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ባልዲ ሥር ያስተኛኝ፣ ጆሮ ጠቢ ያሰኘኝ ሰው ነው። እጠላው ነበር፤ አሁንም አልወደውም። እጄን ያነሣሁት ሳላስብ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። እንደማንኛውም ተቀያሪ ተጫዋች ስለ ራሴ አሰብሁ፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ፍል ውሃው፣ ስለ እህቴ ቤት። ከዚያ ያን ፊሽካ አሰብሁ፤ እጄም ከተነሣ ቆይቷል፤ አንዴ የተነሣ ደግሞ አይወርድም።

"እኔ ነኝ፣" አልሁት። እግሬንም ራሴ ሰበሰብሁት።

ግቢው መሃል ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። ስለዚህ ብዙ አላወራም። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ያውቀዋል፤ ያልተደረገለት ባያውቀው ይሻለዋል። ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ እስክትወርድ እዚያው ቆየሁ። የሽቦዋ መስኮት ላይ ፊት እየተቀያየረ ያየኛል። አንዱ ሳይጠነቀቅ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማሁት።

"ማስመሰያ ነው። እንድናምነው እንዲህ አድርገው ነው የሚልኩት።"

አመሻሹ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው አመጡኝና በሩ ላይ ለቀቁኝ። በእጄ እየዳኽሁ ገባሁ። ካቦው ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ አድርጓል፣ ጫማውን አጥልቋል፣ ማሰሪያውን አጥብቆ አስሯል። ቀኑን ሙሉ እስኪጠሩት ሲጠብቅ ውሏል። አልተጠራም። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ምን አልሃቸው?"

"እኔ ነኝ አልኋቸው።"

"እኔ አልላክሁህም!"

"አልላክኸኝም።"

"ታዲያ እጅህን ለምን አነሣህ?"

"ልማድ ነው።"

"ልማድ!" አለ፣ እንደ ስድብ። ከዚያ ማሳል ጀመረውና ጎኑን ያዘ።

ሽማግሌው ብቻ እየተንፏቀቁ መጥተው የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ፣" አሉኝ። ካቦው በአጠገባችን ሆኖ ሰማቸው።

ጉልበቴ መታጠፍ እንቢ አለ፤ መታጠፍ ቢችልም የማጥፈው አይመስለኝም። እዚያው በካቦው መተኛ ላይ እግሬን ሙሉውን ዘረጋሁት። ያቺን ቃል እስኪናገር ሁሉም ጠበቀ። ካቦው እግሬን አየው። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ወደ ግድግዳው ተጠጋና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

አሁን ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልተጫወትሁም። ካቦውን ከተፈታን በኋላ በግ ተራ አንድ ጊዜ አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ከዚያ ወደ በጎቹ ዞረ። እኔም አልጠራሁትም። መናኸሪያው አካባቢ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ሲነፋ ቀኝ እጄ ዛሬም ሳላዘው ይነሣል። ባጃጆች የጠራኋቸው እየመሰላቸው ይቆሙልኛል። እኔም እገባለሁ፤ ይህ ጉልበት ከዚያ ቀን በኋላ ርቆ አያስኬደኝም።

"ወንድሜ፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ፣ ይገጭብሃል፣" ይሉኛል ሾፌሮቹ።

አልሰበስብም። አንዱ እግሬ በባጃጁ በር ወደ ውጭ እንደተዘረጋ ቤቴ እደርሳለሁ።